ባለ 600 ቃል ጽሑፎቼን ላስረዝማቸው?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «እህታችሁ ነኝ። ለተለያዩ ድረ ገጾች እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው፤ የራሴም ትንሽ ገጽ አለችኝ። ከ1,500 ቃል በታች የሆነ ጽሑፍ ጉግል ላይ ከፍ አይልም የሚሉኝ ሰዎች በዙ። የእኔ አብዛኞቹ 600 ቃል አካባቢ ናቸው። ላስረዝማቸው ወይስ ልተዋቸው? አሠሪዎቼም ሁሌ 2,000 ቃል ካልሞላ ይሉኛል፣ ክፍያውም በቃል ቁጥር ነው። እነሱንስ ምን ልበላቸው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ቁርጡን ልንገርሽ። ጉግል ቃል ቆጥሮ ደረጃ አይሰጥም። 1,500 የሚባል መስመር የለም፣ 2,000ም የለም። ግን ረጃጅም ጽሑፎች ብዙ ጊዜ ከላይ ተደርድረው ስታዪ ዓይንሽ እያታለለሽ አይደለም። ሁለቱም እውነት ነው። እንዴት ሁለቱም እውነት ሊሆን እንደሚችል ካልያዝሽው ነገ ሌላ አዋቂ ነኝ ባይ መጥቶ «3,000 ካላደረስሽው» ይልሽና እንደገና ትረበሺያለሽ። ስለዚህ ትንሽ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።

ከራሱ ከጉግል እንጀምር። ለገጽ ባለቤቶች ባወጣው መመሪያ ውስጥ ጸሐፊው ራሱን እንዲጠይቅ የተደረደሩ ጥያቄዎች አሉ። አንዱ፣ ጉግል የሚመርጠው የቃል ብዛት አለ ሲባል ሰምታችሁ በዚያ ልክ እየጻፋችሁ ነው ወይ ይላል። መልሱንም እዚያው ጎኑ በቅንፍ አስቀምጦታል፤ የለም፣ የምንመርጠው ቁጥር የለንም ነው የሚለው። በ2024 የታደሰው የጀማሪዎች የኤስኢኦ (ገጽን ፍለጋ ላይ ከፍ የማድረግ ሥራ) መመሪያም ርዝመት ብቻውን ለደረጃ ዋጋ እንደሌለው፣ ዝቅተኛም ከፍተኛም ልክ እንደሌለ በግልጽ ይናገራል፤ ቢያንስ አንዲት ቃል ብትኖራችሁ ግን ጥሩ ነው ብሎ ይቀልዳል። ጆን ሙለር የሚባለው የጉግል ሰው ደግሞ ይህችኑ ጥያቄ ለዓመታት ሲመልሳት ኖሯል፤ መልሱ አንድም ቀን ተቀይሮ አያውቅም።

«ጉግል ያለውን ሁሉ ማመን አለብኝ እንዴ?» ካልሽ፣ የለብሽም። እኔም ሁሉን አላምንም። ይሄኛውን የማምነው የፍለጋ ቴክኖሎጂ ከሚሠራበት መንገድ ጋር ስለሚገጥም ነው። የመስኩ ሰዎች በርዝመት ጉዳይ የተጨቃጨቁት ጉግል ሳይወለድ ነው። ችግሩ ለመረዳት ቀላል ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ብዙ ቃል ስላለው ብቻ ሰው የፈለገው ቃል ውስጡ ደጋግሞ የመገኘት ዕድል አለው። ድግግሞሽ ብቻ ከቆጠርሽ ዝም ብሎ ያወራ ሁሉ ያሸንፋል። ስለዚህ ቀመሮቹ ውስጥ የርዝመት ማካካሻ ገባ። በ1990ዎቹ የተሠራውና ዛሬም ኢላስቲክሰርችን በመሳሰሉ ሶፍትዌሮች ውስጥ የሚያገለግለው ቢኤም25 የተባለ ቀመር የአንድን ጽሑፍ ርዝመት ከጠቅላላው ስብስብ አማካይ ጋር ያነጻጽራል። ከአማካዩ ከረዘመ የቃሉን ነጥብ ይቀንስበታል። ማካካሻው ምን ያህል ጠንካራ እንደሚሆን የምትወስን አንዲት ቁጥር አለች፤ ብዙ ጊዜ 0.75 ላይ ነው የምትቀመጠው። ከዚህም ሌላ አንድ ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገኝ ደህና ነጥብ ያገኛል፣ ስድስተኛና ሰባተኛ ጊዜ ሲደገም ግን የሚጨመርለት እያነሰ ይሄዳል። ኪወርድ፣ ማለትም ሰው የሚፈልግበትን ቃል፣ እየደጋገሙ ገጽ መሙላት የማያዋጣው በዚህ የተነሳ ነው።

ጉግል ዛሬ የሚጠቀመው ከዚህ እጅግ የተወሳሰበ ነው፣ ምስጢሩንም አያወጣም። አስተሳሰቡ ግን ከጥንት ጀምሮ ያው ነው፤ ርዝመት እንዳያታልል መጠበቅ። ለርዝመት ሽልማት የሚባል ነገር የለም።

ደግሞ እስቲ አስቢው፣ «ቃል» ራሱ በየቋንቋው አንድ አይደለም። ቻይንኛና ጃፓንኛ በቃል መሃል ክፍተት አይተዉም፤ እዚያ ቃል መቁጠር ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። እንግሊዝኛ አራት ቃል የሚፈጅበትን ሐሳብ አማርኛ በአንድ ግስ ጨርሶት ያልፋል። 1,500 የምትለዋ ቁጥር ከእንግሊዝኛ ጽሑፎች ተለክታ የመጣች ናት። ያቺን ቁጥር እንዳለች አምጥቶ ሌላ ቋንቋ ላይ መጫን ምን ይሉታል?

ታዲያ ወሬው ከየት መጣ? አንደኛው ምንጭ የታወቀ ጥናት ነው። ባክሊንኮ የተባለው የኤስኢኦ ገጽ በ2016 አንድ ሚሊዮን የፍለጋ ውጤቶችን አይቶ፣ የጉግል የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚወጣ ጽሑፍ በአማካይ 1,890 ቃል አለው አለ። ቁጥሯ እንደ ጉድ ተራባች። ያላየና ያልጠቀሰ የለም። በ2020 ራሱ ባክሊንኮ 11.8 ሚሊዮን ውጤቶችን ሲያይ አማካዩ 1,447 ሆነ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ከአንደኛ እስከ አሥረኛ ያሉትን ሲያነጻጽር የቃላቸው ብዛት ያን ያህል የሚለያይ ሆኖ አላገኘውም። አየሽ፣ ርዝመት ደረጃ የሚያስጨምር ቢሆን አንደኛው ከአሥረኛው በግልጽ መርዘም ነበረበት። ይሄኛውን ክፍል ግን ማንም አላራባውም፤ ለመሸጥ አይመችማ።

ሁለተኛው ምንጭ ፓንዳ ነው። በ2011 ጉግል ፓንዳ የተባለውን የደረጃ አሰጣጥ ለውጥ ሲለቅ አሜሪካ ውስጥ ከሚደረጉ ፍለጋዎች ወደ 12 በመቶ የሚሆነውን ነካ። ዒላማው የኮንቴንት ፋብሪካዎች ነበሩ፤ ሰው የሚፈልጋቸውን ኪወርዶች ለቅመው በየቀኑ አንጀት የማያርሱ አጫጭር ጽሑፎች በጅምላ የሚያመርቱ ገጾች ማለት ነው። ወደቁ። ያዩ ሰዎች ታዲያ «አጭር ስለሆኑ ነው የወደቁት» ብለው ደመደሙ። የጣላቸው ግን ባዶነታቸው ነበር። ባዶ ነገር 300 ቃልም 3,000 ቃልም ሊሆን ይችላል፤ ባለ 3,000ው እንደውም ይብሳል፣ ባዶ መሆኑን ለማወቅ ብዙ ያስኬድሻል።

ሦስተኛዋ ትንሽ ነገር ናት ግን ጸሐፊን ታስጨንቃለች። ዮስት የሚባለው፣ ገጽ መሥሪያው ዎርድፕሬስ ላይ የሚገጠም ፕለጊን (ተጨማሪ ፕሮግራም) ጽሑፍሽ 300 ቃል ካልሞላ መብራት ያበራብሻል። ያ መብራት የፕለጊኑ ነው፣ ጉግል አያየውም። ብዙ ሰው አረንጓዴ ለማድረግ ብሎ ብቻ ሁለት አንቀጽ ወሬ ይጨምራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ረጃጅሞቹ ለምን ከላይ ይወጣሉ? አንዱን ምክንያት ብቻ ብትይዢ ይበቃሽ ነበር፤ ሰፊ ጽሑፍ ብዙ ዓይነት ጥያቄ ይይዛል። ጉግል ደጋግሞ እንደተናገረው በየቀኑ ከሚገቡለት ፍለጋዎች ወደ 15 በመቶው ከዚያ በፊት ታይተው የማያውቁ ናቸው። ሰው አንድን ነገር በመቶ መንገድ ይጠይቃል። አንድን ጉዳይ ከሥሩ ያብራራ ጽሑፍ አንተም ያላሰብካቸው፣ አንቺም ያላሰብሻቸው ጥያቄዎች ላይ ይወጣል። በተጨማሪ ሰው ሊንክ የሚሰጠው ለማጣቀሻ ለሚሆን ነገር ነው፤ ሊንክ ደግሞ ገጾችን በሊንክ ከሚመዝነው ከ1998ቱ የጉግል ቀመር ከፔጅራንክ ጀምሮ ዋጋ ያለው ነገር ነው። ሌላው፣ ባለ 3,000 ቃል ጽሑፍ የማሠራት አቅም ያላቸው ገጾች አብዛኛውን ጊዜ የቆዩ፣ የታወቁ፣ አርታዒ ያላቸው ናቸው፤ 500 ቃል ቢጽፉም ከእኔና ካንቺ በላይ ነበር የሚወጡት። ርዝመቱ አብሮ ታየ እንጂ ሥራውን የሠራው እሱ አይደለም።

በምሳሌ ልሂድ። «ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲል ምን ይደረጋል» የሚል ባለ 600 ቃል ጽሑፍ አለሽ እንበል። አስረዝሚው ተባልሽ። ቀላሉ መንገድ ይሄ ነው፦

«በአሁኑ ዘመን ስማርት ስልክ የዕለት ተዕለት ሕይወታችን ዋነኛ አካል ሆኗል። ያለ ስልክ መኖር የማይታሰብ ሆኗል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ ይህ የሕይወታችን አካል የሆነው ስልክ ቻርጅ አላደርግ ሲለን ምን ማድረግ ይኖርብናል? በዚህ ጽሑፍ በዝርዝር እንመለከታለን።»

ስልኩ 3 በመቶ ላይ የደረሰበት ሰው ነው ይሄን የሚያነበው። ስልክ የሕይወት አካል መሆኑን ካንቺ መስማት አይፈልግም፣ ሊጠፋበት ነውና ያውቀዋል። ሁለተኛውን መስመር ሳይጨርስ ተመልሶ ይወጣል።

አሁን ያንኑ ጽሑፍ በትክክለኛው መንገድ እናስፋው። ሰውዬው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ጥፋቱ ከኬብሉ ነው፣ ከቻርጀሩ ነው ወይስ ከስልኩ? ይሄን እንዴት እንደሚለይ ንገሪው። በሌላ ኬብል ሞክር፤ ከዚያ በሌላ ቻርጀር ሞክር፤ ስልክህ ያለ ገመድ ቻርጅ የሚያደርግ ዓይነት ከሆነ በዚያ ሞክረው፤ በዚያ ከሠራ ባትሪው ደህና ነው፣ ችግሩ ኬብሉ የሚሰካበት ቀዳዳ ወይም ገመዱ ጋ ነው። ቀጥሎ ቀዳዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆ ኬብሉ እስከ መጨረሻው አልገባ ብሎ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል? በምን ይጠረጋል? (ስልኩን አጥፍቶ፣ በብረት ነገር ሳይሆን በቀጭን እንጨት፣ ቀስ ብሎ።) እርጥበት አለ የሚል ማስጠንቀቂያ ከመጣስ? ቻርጅ እያደረገ ግን መቶኛው አልጨምር ካለስ? የትኛው ምልክት ሲታይ ነው ራስ መነካካቱን ትቶ ወደ ጠጋኝ መሄድ ያለበት?

ይሄን ሁሉ ስትጽፊ ጽሑፉ 1,100 ቃል ሊደርስ ይችላል። ቁጥሩን አስበሽው አይደለም፤ ጥያቄዎቹ ናቸው ያመጡት። ያቺን መግቢያ ደግሞ ጠራርገሽ ስታወጪያት ከ1,100ው ላይ ሠላሳ ምናምን ቃል ይቀንሳል፣ ጽሑፉ ግን ይሻላል።

በተቃራኒው «ስክሪንሾት እንዴት ይነሳል» የሚለው ጥያቄ ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ነው መልሱ። 150 ቃል ይበቃዋል፤ ለየስልኩ ዓይነት ከዘረዘርሽ 300። የስክሪንሾትን ታሪክ ጨምረሽ 2,000 ብታደርሺው ማን ያነብልሻል?

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። ባንድ መስመር የሚመለስ ጥያቄ ላይ የሚሠራ አጭር ጽሑፍ በእርግጥም እየተጎዳ ነው። ምክንያቱ ግን ርዝመት አይደለም። ጉግል መልሱን ራሱ ገጹ ላይ ያወጣዋል፤ በ2024 ደግሞ በኤአይ የሚያጠናቅረውን ማጠቃለያ አሜሪካ ውስጥ አስጀምሮ ወደ ሌሎች አገሮች አሰፋው። ሰው መልሱን እዚያው አግኝቶ ሳይነካሽ ያልፋል። ጽሑፍሽን ብታስረዝሚውም ይሄ አይለወጥም። መውጫው ባንድ መስመር የማያልቅ ጥያቄ መምረጥ ነው፤ ንጽጽር የሚጠይቅ፣ የሞከረ ሰው ብቻ የሚመልሰው፣ «እንደ ሁኔታው ነው» የሚባልና ሁኔታዎቹ መዘርዘር ያለባቸው።

ረጅም ጽሑፍ ካለሽም አትፍሪ። ጉግል በ2020 አስታውቆ በ2021 መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ያስጀመረው አሠራር አለ፤ ከአንድ ረጅም ገጽ ውስጥ ለጥያቄው የሚሆነውን አንዱን ክፍል ለይቶ ዋጋ ይሰጠዋል። ስለዚህ ሰፊ ጽሑፍ ውስጥ የተቀበረ ጥሩ መልስም የመገኘት ዕድል አለው። ግን እንዲገኝ አመቻቺለት፤ ንዑስ ርዕሶችሽ ሰው የሚጠይቃቸውን ጥያቄዎች ይምሰሉ፣ መልሱም ከንዑስ ርዕሱ ሥር ወዲያው ይምጣ። «ተጨማሪ ነጥቦች» የሚል ንዑስ ርዕስ ለማንም ምንም አይነግርም።

እሺ፣ ያሉሽን ባለ 600ዎች ምን ታድርጊያቸው? በግምት አትንኪያቸው። ሰርች ኮንሶልሽን (ገጽሽ ፍለጋ ላይ እንዴት እንደሚታይ የሚያሳየውን የጉግል መሣሪያ) ክፈቺና ያለፉትን ሦስት ወራት እዪ። አንድ ገጽ ምረጪ፣ ከዚያ ሰዎች በምን ጥያቄ እንዳገኙት የሚያሳየውን ዝርዝር በኢምፕረሽን (ፍለጋ ላይ በታየበት ጊዜ) ብዛት ደርድሪው። ጥሩ ደረጃ ላይ ሆኖ ክሊክ እያመጣ ያለ ገጽ ካገኘሽ፣ 400 ቃልም ቢሆን እጅሽን አንሺለት። እየሠራ ያለን ነገር «ላሳምረው» ብሎ ማበላሸት የተለመደ በሽታ ነው።

ዋናው ማዕድን ያለው ከ8ኛ እስከ 20ኛ ደረጃ ላይ ተንጠልጥለው ብዙ ኢምፕረሽን ያላቸው ገጾች ጋ ነው። የጥያቄዎቹን ዝርዝር በጥንቃቄ አንብቢው። ከጽሑፍሽ ውስጥ መልስ የሌላቸው ጥያቄዎች ታገኚያለሽ። ለምሳሌ ያ የስልክ ጽሑፍሽ «ቻርጅ ያደርጋል ግን አይጨምርም» በሚል ፍለጋ በተደጋጋሚ ታይቶ፣ አንቺ ግን ስለዚያ አንዲት መስመር አልጻፍሽ ይሆናል። ጉግል ቅርብ ነሽ ብሎ አሳይቶሻል፤ ሰውዬው ግን የፈለገውን አላገኘም። እሱን ጨምሪ። ሌሎቹ ከላይሽ ያሉት ገጾች ምን እንደመለሱም እዪ፣ ግን አትገልብጪ። እነሱ የዘለሉትን ፈልጊ።

ደረጃው ጥሩ ሆኖ ክሊክ የሌለው ከሆነ ርዕሱን አስተካክዪ፤ ሥጋውን አትንኪ። ጭራሽ ኢምፕረሽን የሌለው ከሆነ ደግሞ ርዝመት አይደለም ችግሩ። ገጹ ኢንዴክስ ተደርጓል፣ ማለትም ጉግል መዝግቦታል? ነገሩን የሚፈልግ ሰውስ አለ? ወይስ ስለ አንድ ጉዳይ አራት ትንንሽ ጽሑፍ ጽፈሽ እርስ በርስ እየተሻሙ ነው? የመጨረሻው ከሆነ አራቱን ወደ አንድ ጠንካራ ጽሑፍ አዋሕጂና የሦስቱን አድራሻ ወደ እሱ አዙሪ፤ 301 የሚባለው ቋሚ ማዞሪያ ለዚህ ነው የተሠራው። ያኔ ጽሑፍሽ ይረዝማል፣ የሚረዝመው ግን በምክንያት ነው። ለውጡን ካደረግሽ በኋላ በማግስቱ ደረጃ እየቆጠርሽ አትጨነቂ፤ ጥቂት ሳምንት ስጪው። ሳትነኪው ቀኑን ብቻ ቀይረሽ አዲስ ለማስመሰልም አትሞክሪ፤ ያ የጉግል መመሪያ «ይሄን እያደረጋችሁ ነው ወይ» ብሎ የሚጠይቀው አንዱ ነገር እሱ ነው።

አሠሪዎችሽን በተመለከተ ግልጽ ልሁን። ይሄ የ2,000 ቃል ወሬ ይህን ያህል የቆየው ጉግል ስለወደደው አይመስለኝም። ቃል ለመቁጠር ቀላል ስለሆነ ነው። ጥራትን መለካት ሥራ ይጠይቃል፤ ቃልን ግን ሶፍትዌሩ ታች ጥግ ላይ ያሳይሻል። ውል ለመጻፍም ለመክፈልም ይመቻል። ዛሬ ደግሞ ያ ቁጥር የነበረችውንም ትንሽ ትርጉም አጥታለች፤ 2,000 ቃል ማንም ሰው በኤአይ በደቂቃ ያመርታል። ጉግልም በማርች 2024 የስፓም ሕጉን ሲያሻሽል ሰው ጻፈው ማሽን ጻፈው ሳይል፣ ደረጃ ለማግኘት ተብሎ ብቻ በጅምላ የሚመረትን የማይረባ ይዘት ከልክሏል። ለአሠሪዎችሽ ይሄንን ብትነግሪያቸው ከክርክር ይሻላል፤ ከቁጥሯ ጋር የተያያዘው ጥቅም ሳይሆን አደጋ መሆኑን ያያሉ።

ፊት ለፊት «ተሳስታችኋል» ግን አትበያቸው፤ እንጀራሽ ነው። ለሚቀጥለው ሥራ ከመጻፍሽ በፊት ጽሑፉ የሚመልሳቸውን ጥያቄዎች ዝርዝር ላኪላቸው፤ ሰባት ስምንት ጥያቄ። «እነዚህን ሁሉ ለመመለስ ከ900 እስከ 1,300 ቃል ይፈጃል፣ ክፍያው በጽሑፍ ቢሆንስ?» በያቸው። አንድ ቁጥር ሳይሆን ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል ስጪ። የጽሑፉን ዋጋ ስትተምኚም ለ2,000 ቃል ይከፍሉሽ ከነበረው አታውርጂው፤ አጥንቶ ማሳጠር ከመለጠጥ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል። እምቢ ካሉና የግድ 2,000 ከሆነ፣ 2,000 የሚሸከም ርዕስ ስጡኝ በያቸው። «ስክሪንሾት እንዴት ይነሳል» ሳይሆን «የተበላሸ ስልክ ከመጠገንና አዲስ ከመግዛት የቱ ያዋጣል» ዓይነት። እዚያ ላይ 2,000ው አይበዛብሽም፤ እንደውም ያንስሻል።

አንዱን ባለ 600 ወስደሽ ሞክሪውና፣ ከሰርች ኮንሶሉ ያወጣሽውን የጥያቄ ዝርዝር ይዘሽ ተመለሺ፤ የትኛውን ጨምሪ፣ የትኛውን ለሌላ ጽሑፍ አቆዪ የሚለውን አብረን እናየዋለን።